ግራ ሲገባችሁ ግራ እጃችሁን ጨብጡ

ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው ጭንቀቱ ሚዛን ነው። ብስክሌት ለሚችል ሰው ግን ሚዛኑ ብዙም አያስቸግርም። ጀማሪን የሚጥለው ፍሪሲዮን ነው፣ በግራ እጅ ሲጨበጥ የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያላቅቀው መያዣ ማለት ነው፤ አወዳደቁም ሁልጊዜ ያው ነው። ፍሪሲዮኑ ድንገት ይለቀቃል፣ ሞተሩ ወደፊት ይፈናጠራል፣ ሰውነት ወደኋላ ይቀራል። ቀኝ እጅ እጀታውን ሙጭጭ ብሎ ስለያዘ አንጓው ወደታች ይታጠፍና ነዳጁ ይከፈታል። ሞተሩ በባሰ ቁጥር ሰውየው አጥብቆ ይይዛል፤ አጥብቆ በያዘ ቁጥር ነዳጅ ይጨምራል። አጥር ጥሶ የሚገባው እንዲህ ነው።

መከላከያው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነዳጁ ዝግ እያለ እጀታውን ስትይዙ የቀኝ አንጓችሁ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ከዚያ በታች የሚወርድበት ቦታ ከሌለው ሳታስቡት ነዳጅ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ ግራ ሲገባችሁ ግራ እጃችሁን ጨብጡ። ፍሪሲዮን ከተያዘ ነዳጁ ምንም ያህል ቢከፈት ኃይሉ ጎማ ጋ አይደርስም፤ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሮጥም።

ለመማሪያ የሞተሩ ጉልበት መለኪያ ከ100 እስከ 125 ሲሲ ከሆነ በቂ ነው። ቦክሰርም ይሁን ቲቪኤስ፣ ዋናው ነገር ስትቀመጡበት ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት መርገጣቸው ነው። ሄልሜቱ ጉንጭን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፤ ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፍቷችኋል። ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት ስትወድቁ ከእናንተ ቀድሞ ይሄዳል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ይሁን፣ ክሩ ደግሞ ወደ ውስጥ ይከተት። በሰንደል አትጀምሩ።

የመጀመሪያውን ትምህርት ሞተሩን ሳታስነሱ ጀምሩ። ሜዳ ላይ ዜሮ ማርሽ አድርጋችሁ በጎኑ ቆማችሁ ግፉት፣ በፊት ፍሬን አቁሙት፣ አዙሩት። ክብደቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ሰውነታችሁ ይወቀው። የማርሹንም ነገር እዚሁ ጠይቁ፤ ከሞተር ሞተር ይለያያልና። በአንዳንዱ አንደኛው ወደታች፣ የቀሩት ወደላይ ናቸው፤ በሌላው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይረገጣሉ። አንዱን ለምዶ ሌላው ላይ የሚወጣ ሰው ሦስተኛ አስገባሁ ብሎ አንደኛ ያስገባል፣ የኋላ ጎማውም ይንሸራተታል።

አሁን አስነሱት። ፍሪሲዮኑን ሙሉ ጨብጡ፣ አንደኛ አስገቡ፣ ነዳጅ ግን አትስጡ። ጣቶቻችሁን በጣም ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። አንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ መሪው ነዘር ነዘር ይላል፣ ሞተሩም መሳብ ይጀምራል። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ይሄ ነው። እዚያ ላይ ጣታችሁን አቁሙ፤ አንድ እርምጃ ያህል ሲሄድ መልሳችሁ ጨብጡ። ሜዳው ደልዳላ ከሆነ ያለ ነዳጅም ይሄዳል። ይህን 30 ጊዜ ያህል ደጋግሙት። አሰልቺ ነው፤ የሚዘለውም ለዚህ ነው። ሞተሩ እየጠፋ ካስቸገረ ቶሎ እየለቀቃችሁ ነው። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ደግሞ ነዳጅ እየሰጣችሁ ፍሪሲዮኑን በከፊል ለረጅም ጊዜ ይዛችኋል ማለት ነው፤ አቁሙና ይቀዝቅዝ።

ወደ ፍሬን እንምጣ። «የፊቱን ከነካህ ትገለበጣለህ» የሚለው ምክር በየሰፈሩ አለ፣ ብዙ ሰውም አስጎድቷል። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የኋላው ቀለል ስለሚል በእሱ ብቻ ለመቆም የሞከረ ጎማው ቆልፎ ይንሸራተታል። የፊት ፍሬን የሚጥለው በሁለት ምክንያት ነው፦ ድንገት ሲጨበጥና መሪው ዞሮ ሳለ ሲያዝ። ስለዚህ መሪውን ቀጥ አድርጉ፣ ሎሚ እንደሚጨምቅ ሰው ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ ጭመቁ፣ የኋላውንም አብራችሁ ርገጡ። መጀመሪያ በ20፣ ቀጥሎ በ30 ኪሎ ሜትር ተለማመዱ። ጠጠርና ጭቃ ላይ የፊቱን በጣም ለስለስ አድርጉት። ስትቆሙ መሬት የሚነካው ግራ እግር ነው፤ ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ ይቆያል፤ ዳገት ላይ ወደኋላ የማትንሸራተቱት በዚህ ነው።

ኩርባ ላይ ዓይናችሁ ወደምትወጡበት ይሂድ፤ ጉድጓዱን ካያችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ናችሁ። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ከመድረሱ በፊት ነው።

አስፋልት የምትወጡት ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ እግራችሁን ሳታወርዱ መዞር ስትችሉ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ሞተር በልዩ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አጣሩ። ለሌላው ከተማ ጀማሪ ጥሩው ሰዓት እሁድ ጠዋት ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳላችሁ፤ ከፊት ካለው መኪና ቢያንስ የሦስት ሰከንድ ርቀት ያዙ። ባጃጅ እጁን ያወጣ ተሳፋሪ ባየበት ቦታ ይቆማል፣ ፍሬቻም ላያሳይ ይችላል፤ እግረኛው እጁን ሲያነሳ እናንተ ፍጥነት ቀንሱ። የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁ እሱም አያያችሁም። ኮብልስቶን ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። አስፋልትም ቢሆን ዝናቡ እንደጀመረ ያለው ጊዜ ይከፋል፤ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ገና አልታጠበም።

ሁለት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። የአብዛኞቹ ሞተሮች ፍሬቻ ከታጠፋችሁ በኋላ በራሱ አይጠፋም፤ ሲብለጨለጭ ያየ መኪና ትታጠፋላችሁ ብሎ ፊታችሁ ይገባል። የጎን ማቆሚያውም ሳይነሳ ከተነዳ ወደ ግራ ስታጋድሉ መሬት ነክሶ ይጥላችኋል። ስትነሱ በተረከዛችሁ ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ። በሳምንት አንዴ የጎማውን ንፋስ ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ልክ አስሞሉ። ካቴናውንም መሃሉ ላይ በጣት ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢጫወት ደህና ነው።

ሰው ለመጫን አትቸኩሉ። ከኋላ ክብደት ሲጨመር መሪው ይቀላል፣ የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል፣ ፍሪሲዮኑም ሌላ ልክ ይፈልጋል። የምትጭኑት ሰው ሄልሜት ያድርግ፣ እግሩን በሁለቱም በኩል አድርጎ ይቀመጥ፤ ነጠላ ወይም ሻርፕ ካለበት ከመነሳታችሁ በፊት ጫፉን ጃኬቱ ውስጥ ይክተተው፤ ካቴናው ወይም የኋላው ጎማ ከያዘው አንገት ነው የሚጎትተው።