የክር ማቅለሚያ ውሃን በአሳ ቅርፊት እንዴት እናጣራ?

ሀዋሳ ውስጥ በቤት ወይ በትንሽ ወርክሾፕ ክር የምታቀልሙ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። ማቅለሙ ሲያልቅ ሳፋው ውስጥ ሚቀረው ውሃ ቱቦ ውስጥ ይደፋል፣ ከዛ ወዴት እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ሪአክቲቭ ቀለም (ለጥጥ ክር የምንጠቀመው) ሙሉ በሙሉ ክሩ ላይ አይዝም፣ እንደ ቀለሙና እንደ አሰራሩ ከ10 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሀይቃችን ደግሞ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባው ነገር እዛው ነው ሚቀመጠው። በ2008 ዓ.ም የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽ ወደ ውጪ እንዳይለቅ ተብሎ ማጣሪያ ተገንብቶለታል፣ የኛ ሳፋ ግን ምንም የለውም። ስለዚ ከራሱ ከሀይቁ የሚወጣውን የአሳ ተረፈ ምርት እንጠቀም ነው ምላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የምታገኙት አብዛኛው ነገር ስለ ካይቶሳን ነው፣ እሱ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው ሚሰራው፣ ባህር ያላቸው አገሮች ይሄ ቆሻሻ በገፍ አላቸው። ቀለም በመያዝ በጣም ጎበዝ ነው፣ ግን ለማውጣት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሆነ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ወደ 100 ዲግሪ አካባቢ ማፍላት ይጠይቃል። ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፣ አይን ያጠፋል። የቆሮሶ (ቲላፒያ አሳ) ቅርፊት ሌላ ነገር ነው፣ በዋናነት ኮላጅን የሚባል ፕሮቲንና አጥንት ውስጥ ያለው አይነት የካልሲየም ማዕድን ነው። እንደ ካይቶሳን አይጎብዝም፣ ግን በነጻ ይገኛል፣ ምንም አደገኛ ኬሚካልም አይፈልግም።

ቅርፊቱን አሞራ ገደል አሳ ገበያ ጠዋት ሂዱና ለሙሉ ጥብስ አሳ ከሚፍቁት ልጆች ጠይቁ፣ ባልዲ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በደስታ ነው ሚሰጧችሁ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቆሮሶ መሆን አለበት። የዛኑ ቀን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ አንዴ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበትና አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁት። ሽታው ቶሎ እንዲጠፋ ብላችሁ በፈላ ውሃ እንዳታጥቡት! ኮላጅኑ ጀላቲን ሆኖ ይሟሟል፣ በኋላ ውሃውን ያደፈርሰዋል። አጎበር ሸፍናችሁ ጸሀይ ላይ በደንብ ይድረቅ፣ ካልሸፈናችሁት አባ ኮዳም (ትልቁ ወፍ) ዝንብም አይተዉላችሁም።

መፍጨት ላይ ሙቀጫ አይሰራም፣ ቅርፊቱ ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። ብሌንደር ይሻላል፣ ግን ለዚሁ ብቻ የተመደበ አሮጌ ብሌንደር ይሁን፣ ማስክም አድርጉ። እንደ ቅንጬ ሲሆን አቁሙ፣ ዱቄት ከሆነ ለማጣራት ስቃይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ፒኤች ነው፣ ማለትም ውሃው ምን ያህል አሲድ እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር (7 መሃል ነው፣ ከዛ ሲወርድ አሲድ ነው)፣ ብዙ ሰው "ሞከርኩት አይሰራም" ሚለው እዚህ ጋር ስለሚሳሳት ነው። ሪአክቲቭ ቀለም ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ክሩ ላይ እንዲይዝ ብለን ሶዳ አሽ ስለምንጨምር ውሃው ፒኤቹ 11 አካባቢ ነው፣ በዚህ ፒኤች ደግሞ ቅርፊቱም ኔጋቲቭ ነው፣ ሁለቱ ይገፋፋሉ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ቅርፊት ብትጨምሩ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም። ውሃው ወደ አሲድ ሲሄድ ግን ኮላጅኑ ላይ ያሉት አሚኖች (ናይትሮጅን ያለባቸው ክፍሎች) ፖዘቲቭ ይሆናሉ፣ ቀለሙን ስበው ይይዙታል። ስለዚ ወደ 4 ማውረድ ያስፈልጋል። ከ4 በታች ግን አትሂዱ፣ አሲዱ በጨመረ ቁጥር የቅርፊቱ ማዕድን የበለጠ ይሟሟል፣ ፎስፌት ይለቃል፣ ፎስፌት ደግሞ ሀይቅ ውስጥ ሲገባ አልጌ ነው ሚያበቅለው።

በምን እናውርደው? ሁሉም ሰው አቼቶ ይላል፣ እኔ አልስማማም። መጀመሪያ የማቅለሚያውን ውሃ ብቻውን ከመያዝ ከማለቅለቂያው ውሃ ጋር አንድ ለአራት ቀላቅሉት፣ ሶዳውም ጨዉም ይቀጥናል፣ ጨው ሲበዛ ቀለሙ በደንብ አይያዝምና። ማቅለሚያው ላይ በሊትር 20 ግራም ሶዳ አሽ ከነበረ አሁን 4 ግራም ሆኗል ማለት ነው። ይሄንን እንኳ በአቼቶ ወደ 4 ለማውረድ ለእያንዳንዱ ሊትር ከግማሽ ሊትር በላይ አቼቶ ይበላል፣ ምክንያቱም ፒኤቹ 5 አካባቢ ሲደርስ አቼቶው ራሱ ያስረዋል፣ ብትጨምሩ ብትጨምሩ በቀላሉ አይወርድም። ሲትሪክ አሲድ ዱቄት ከሆነ ግን በሊትር 14 ወይ 15 ግራም አካባቢ ይበቃል። የባትሪ አሲድ በርካሽ የሚገኝ ቢሆንም እኔ ማንም ቤት ውስጥ እንዲነካው አልመክርም። ሲትሪኩን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ጋዝ ፈጥሮ ስለሚያረፋ ባልዲው ግማሽ ድረስ ብቻ ይሞላ።

ሌላው ችግር ደሞ የፒኤች ወረቀቱን ባለቀለም ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ወረቀቱ ራሱ ይቀልማል፣ ምን እንደሚል አይታወቅም። መላው ይሄ ነው፦ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ላይ 4 ግራም ሶዳ አሽና ማቅለሚያው ላይ በሊትር ከምትጨምሩት ጨው አንድ አምስተኛውን ጨምሩ፣ ቀለም ግን የለም። እዚህ ላይ ሲትሪኩን እየመዘናችሁ ወረቀቱ 4 እስኪል ጨምሩ፣ የፈጀውን ግራም ጻፉት። ከዛ ባለቀለሙ ውሃ ላይ በሊትር ያንኑ ያህል። ሶዳችሁ ወይ ጨዋችሁ ካልተቀየረ ሁለተኛ መለካት አያስፈልግም።

መጠኑን ለማወቅ አራት ሃይላንድ ላይ ሲትሪክ የገባበትን ባለቀለም ውሃ እኩል አድርጉ፣ በሊትር ሂሳብ አንዱ ላይ 5፣ አንዱ ላይ 10፣ አንዱ ላይ 20 ግራም ቅርፊት ጨምሩ፣ አራተኛው ላይ አሲድ ብቻ እንጂ ቅርፊት አይግባ። አራተኛውን አትዝለሉት፣ አንዳንድ ቀለም አሲድ ሲነካው ብቻውን ይለወጣል፣ ማወዳደሪያ ከሌለ ቅርፊቱ ሰራ ብላችሁ ትሸወዳላችሁ። ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ሰአታት ቶሎ ቶሎ ነቅንቁ፣ ከዛ ይደር። ጠዋት ነጭ ወረቀት ከኋላ አድርጋችሁ አወዳድሩ።

ለባልዲው ቅርፊቱን ሁሉ አንዴ ከመጨመር ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን አድርጉ፣ አጥሩ፣ ከዛ ሌላውን ግማሽ፣ በዚያው መጠን የበለጠ ቀለም ይወጣል። በሁለተኛው ዙር የገባው ገና ስላልጠገበ ለሚቀጥለው ባልዲ የመጀመሪያ ዙር ይሆናል። ማጣሪያ አሮጌ ነጠላ ይበቃል።

ይሄ ሁሉ ለሪአክቲቭና ለዳይሬክት ቀለም ነው፣ ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸው። አክሪሊክ ክር የምታቀልሙ ቤዚክ ቀለም ስለምትጠቀሙ ነገሩ ይገለበጣል፣ እሱ ፖዘቲቭ ነው፣ አሲድ አትጨምሩ፣ ፒኤቹ 7 አካባቢ ወይ ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን።

የተጣራው ውሃ አሁንም አሲድ ነው፣ ጨውም አለው። ለአትክልትም ለከብትም አይሆንም። ኖራ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ ወደ 7 መልሱትና ለሚቀጥለው ጥቁር ወይ ጠቆር ያለ ክር የመጀመሪያ ማለቅለቂያ አድርጉት፣ ውሃ በጠፋበት ሳምንት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቀለም የጠጣው ቅርፊት ግን ለዶሮ እንዳይሰጥ፣ ኮምፖስት ውስጥም እንዳይገባ፣ ቀለሙ አልጠፋም ቦታ ነው የቀየረው። አየር ካጣ ቦታ ሲበሰብስ አዞ (azo) ከሚባለው የቀለም አይነት አንዳንዱ ተሰባብሮ ካንሰር አምጪ ነገር ሊወጣው ይችላል። አድርቁትና ዝናብ በማይነካው ቦታ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራችሁ አስቀምጡት፣ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ሲወጣም ከረጢቱ እንደተቋጠረ ይሁን፣ የጎርፍ ቦይ አጠገብ እንዳይጣል።