ዘላቂነትን ለቢዝነስ ተማሪዎች ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ማኔጅመንት አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የገበሬ ልጆች ናቸው። መሬት ሲደክም ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ያውቁታል። ክፍል ውስጥ ስለ ዘላቂነት ሲነሳ ግን እስክሪብቶ አንስተው ትርጉም ይጠብቃሉ። ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው። በራሴም በባልደረቦቼም ላይ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ትርጉም ማሸምደድ

እ.ኤ.አ. በ1987 የተባበሩት መንግሥታት የብሩንትላንድ ኮሚሽን ለዘላቂ ልማት የሰጠው ትርጉም አለ። የመጪውን ትውልድ አቅም ሳይጎዳ የዛሬን ፍላጎት ማሟላት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት 17ቱ የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦችም አሉ። ተማሪው ሁለቱንም ይሸመድዳል፣ ወረቀቱ ላይ ይገለብጣል፣ በሳምንቱ ይረሳል። «መምህር፣ ይሄ መውጫ ፈተና ላይ ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ ያስለመድነው እኛው ነን።

መጨረሻ ላይ በአንድ ኮርስ መገላገል

ሦስት ዓመት ሙሉ የድርጅት ዓላማ የባለቤቱን ሀብት ማሳደግ ነው እንላለን። አራተኛ ዓመት ላይ በአንድ ኮርስ ሌላ ነገር እንነግራቸዋለን። ተማሪው የትኛውን ይመን? አዲስ ኮርስ ከመጠየቃችን በፊት ያሉትን እንፈትሽ። ኮስት አካውንቲንግ ላይ የፋብሪካው ፍሳሽ ማን ላይ እንደሚወድቅ አብረን እናስላ። ፋይናንስ ላይ የአምስት ዓመት ትርፍ ስናሰላ የሃያ ዓመቱንም እንጠይቅ።

ምሳሌን ከባሕር ማዶ ማምጣት

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስላይዳችን ላይ ያሉት የአሜሪካና የአውሮፓ ኩባንያዎች ናቸው። ደጃችን ላይ ግን ጣና በእምቦጭ ተወሯል። የጮቄ ተራራ ተራቁቷል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄኔ ነው።

አዊ ውስጥ ያለውን የፋግታ ለኮማ ወረዳን እንውሰድ። አፈሩ ኮምጥጦ አልሰጥ ሲል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር መትከል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል። ቀጥሎ በዛፎቹ መሀል የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳል። በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስለዋል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚጨምር መሬቱም ያገግማል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ተለውጧል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉን በሽታ መታው፤ ችግኙ ይደርቅ ጀመር። ሀብቱን በሙሉ በአንድ ዝርያ ላይ ያደረገ ሰው ምን ይሁን?

እስቲ ይታያችሁ። እዚህ ውስጥ ኢንቨስትመንት አለ፣ የአቅርቦት ሰንሰለት አለ፣ የገበያ ጥገኝነት አለ፣ ስጋት አለ። የአፈር ጤናና የከሰል ጭስም አለ። ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ኬዝ ከየት ይመጣል? ያውም ጠዋት ሄደን ማታ የምንመለስበት ቦታ ነው።

መስበክ

«ባሕር ዛፍ ክፉ ነው» ብሎ ክፍል የሚገባ መምህር አለ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እኔን ያስተማረኝ የአባቴ ባሕር ዛፍ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ። ልጁ ትክክል ነበር። ባሕር ዛፍ ውሃውን ይጠጣል፣ ከጎኑ ያለውን ሰብል ይጎዳል፤ ነገር ግን ደብተርና ዩኒፎርም ገዝቷል። ሥራችን ሁለቱንም ወገን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማከራከር ነው። ፍርዱን ለተማሪው እንተውለት።

ችግኝ ተክሎ ጨረስኩ ማለት

ሐምሌ ላይ መትከል ደግ ነው። የቢዝነስ ትምህርት ግን አይደለም። ቢያንስ ስንቱ እንደጸደቀና አንዱ ስንት ብር እንደፈጀ ያስሉ።

ቁጥሩን መሸሽ

ብዙዎቻችን ጉዳዩን የሥነ ምግባር ምዕራፍ እናደርገዋለን። ጊዜው ግን አልፏል። ኩባንያዎች ስለ ዘላቂነትና ስለ አየር ንብረት ሪፖርት የሚያደርጉባቸው ዓለም አቀፍ ስታንዳርዶች፣ ኤስ 1 እና ኤስ 2 (IFRS S1፣ S2)፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ወጥተዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ላኪው ማሳው የት እንዳለ በካርታ መጋጠሚያ ነጥብ (በጂፒኤስ) ማሳየት አለበት። ይህን መረጃ የሚሰበስበው ማነው? የእኛው ምሩቅ ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ ካላለማመድነው ነገ ቢሮ ገብቶ ይደናገጣል።

ባለፈው ሴሚስተር የዲከረንሱን ኬዝ ለቡድን ሰጠሁ። አንዱ ቡድን ሠንጠረዡን ሠርቶ መጣ። የችግኝ፣ የጉልበት፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የመኪና ኪራይ፣ ሁሉም በየረድፉ ተሞልቷል። የመጨረሻው ረድፍ ግን ባዶ ነው። «በሽታው ከመጣ በኋላ መሬቱ» ይላል። «ለምን አልሞላችሁትም?» አልኳቸው። «ገበሬዎቹን ጠየቅናቸው፤ እነሱም ገና አላወቁትም» አሉኝ። ከሁሉም በላይ ማርክ የሰጠሁት ለዚያ ባዶ ረድፍ ነው። ዘንድሮ ተመልሰው ሄደው ሊሞሉት ተስማምተናል።