ሮቦቱን ከማብራታችሁ በፊት «አቁም»ን አዘጋጁ

በሕፃናት ማቆያ ውስጥ ንግግር ከሌላቸው ልጆች ጋር የምሠራ ሞግዚት ነኝ። ሮቦቱን የምፈልገው ልጁ በእሱ በኩል ወደ እኛ እንዲመጣ ነው።

መጀመሪያ ወላጆችን አስፈቅዱ፤ የሮቦቱ ካሜራ የሚቀርጸው የት እንደሚቀመጥም ጠይቁ። ከዚያ ሮቦቱን አጥፍታችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። ልጁ ይዙረው፣ ይንካው ወይም ይሽሸው፤ ርቀቱን የሚወስነው እሱ ነው። ስታበሩት ድምፁን ቀንሱ። ናኦ የተባለውን ትንሽ ሰው መሰል ሮቦት የመሰሉት ክንዳቸውን ሲያነሡ ሞተራቸው ይሰማል፤ አንዳንዱን ልጅ ይህች ድምፅ ብቻዋን ታስለቅሰዋለች። በብሪታንያ የኸርትፎርድሺር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 መሥራት የጀመረው ካስፓር የተባለ ሮቦት ፊቱ ሆን ተብሎ ቀለል እንዲል ተደርጓል፤ በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ የሰው ፊት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ሊያደክም ይችላልና።

አሁን ልጁ እየተጫነ ሐሳቡን ወደሚገልጽባቸው ሥዕሎች። ብዙ ሰው በ«ውሃ» እና በ«ሽንት ቤት» ይጀምራል፤ እነዚህ ይበልጥ የሚያገለግሉት እኛን ነው። እኔ በ«አቁም» እጀምራለሁ። ሮቦቱ ሲጨፍር ልጁ ሥዕሉን ይጫናል፣ ሮቦቱም ቀጥ ይላል። ቃል ሥራ እንደሚሠራ የሚያየው ያኔ ነው። ስለዚህ «አቁም» ቢሰለቸንም ሁልጊዜ ይከበር። ቀጥሎ «እንደገና»፣ ከዚያ «አልፈልግም» ይግቡ።

ልጁን «ተጫን» ከማለታችሁ በፊት እያወራችሁ ራሳችሁ ተጫኑ። እጁን ይዛችሁ ግን አታስጫኑት፤ ቃሉ የማን እንደሆነ አይታወቅምና። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 በሌላ ሰው እጅ እየተደገፉ «መጻፍ»ን ተቃውሟል። ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር እየቆጠራችሁ ዝም በሉ። ከባዱ ይህ ነው፤ እኛ አዋቂዎች ዝምታ ይከብደናል። ሮቦቱም ጥያቄውን እንዳይደጋግም አስተካክሉት።

ሥዕሎቹን በዚያው ቅደም ተከተል በወረቀት አትሙ። ባትሪ ያልቃል፤ ልጁም ምግብ ሰዓት ላይ፣ በመጫወቻ ሜዳና በቤቱ የሚናገረው አለው። ወላጅ «ሥዕል ከለመደ መቼ ይናገራል?» ብሎ ከሠጋ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ አስተማማኝ ማስረጃ ካገኘላቸው 27 ሰዎች በዚህ ምክንያት ንግግሩ የቀነሰ አንድም እንዳልተገኘ ንገሩት።

በመዝገቡ ላይ ስንት ጊዜ እንደተጫነ አልጽፍም። ማንን ምን እንደጠየቀ እጽፋለሁ። «ማንን» በሚለው ዓምድ «ሮቦቱን» ብቻ ከተደጋገመ፣ ሮቦቱን ወደ ኋላ አርቄ በቦታው እኔ ወይም ሌላ ልጅ እንቀመጣለን።