ሲላንት ጨምረንም ጎማው ለምን ይተነፍሳል?

ሀዋሳ ለሳይክል የምትመች ከተማ ናት። መሬቱ ሜዳ ነው። ከፒያሳ እስከ ሀይቁ ዳር ብዙም ሳያልባችሁ ትደርሳላችሁ። የሚያስመርረው እሾህ ነው። ከአስፋልቱ ወረድ ስትሉ የግራር እሾህ ይጠብቃችኋል። ለዚህ በካላማዳሪው ውስጥ ሲላንት፣ ማለትም ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ፣ መጨመር ጥሩ መፍትሄ ነው። ካላማዳሪው ቀላልና ስስ ሲሆን ግን ፈሳሹ የራሱ አመል አለው።

ነጭ ፈሳሽ ይወጣል፣ ቀዳዳው ግን አይደፈንም

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። የተለመደው ካላማዳሪ ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊሜትር ይጠጋል። ቀላሉ የዚያን ግማሽ ያህል ሊሆን ይችላል። ስስ ላስቲክ ሲነፋ ይለጠጣል፤ ቀዳዳውም አብሮ ይሰፋል። በዚያ ላይ አየሩ በኃይል ስለሚወጣ ገና መርጋት የጀመረውን ላቴክስ፣ ማለትም በሲላንቱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ላስቲክ፣ ገፍቶ ይጥለዋል። እኔም በጥቁር ውሃ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜ ነፍቻለሁ። በነፋሁ ቁጥር እያጠነከርኩት ነበርና ሦስቱም ጊዜ ተመልሶ ተነፈሰ።

መጀመሪያ እሾሁን ንቀሉ። የተሰካ እሾህ በእያንዳንዱ ዙር ቀዳዳውን እንደገና ይከፍተዋል። ቀዳዳውን ወደ መሬት አዙሩና ፈሳሹ እንዲጠራቀምበት አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ለስለስ አድርጋችሁ ንፉ። የኮርሳ ጎማ ከሆነ በንፊያው ላይ ባለው የግፊት መለኪያ 40 ወይም 50 ፒ.ኤስ.አይ. ለጊዜው ይበቃል። ቀስ ብላችሁ ትንሽ ንዱ። ፈሳሹ መውጣቱን ሲያቆም ወደ ተለመደው ግፊት መልሱት። ይህም ካልያዘ ቀዳዳው ሰፊ ነው ማለት ነው፤ መለጠፍ አለበት።

ፈሳሹ ጭራሽ አይታይም፣ ጎማው ግን ይተነፍሳል

ካላማዳሪውን አውጡና ቀዳዳው በየት በኩል እንዳለ እዩ። በቸርኬው በኩል ከሆነ ሲላንቱን አትውቀሱት። ጎማ ሲሽከረከር ፈሳሹን ወደ ውጪ ይወረውረዋል፤ በውስጥ በኩል ላለ ቀዳዳ አይደርስለትም። የቸርኬውን ልባጭ ፈትሹ። ተንሸራቶ ወይም ተቀዶ የሽቦዎቹን ቀዳዳ ገልጦት ይሆናል። ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ካያችሁ ደግሞ በቂ ሳይነፋ የኮብልስቶን ጠርዝ ላይ ወጥቶ ተቆንጥጧል። ለጥፉት፣ ሁለተኛ ስትነዱ በደንብ ንፉ።

ቀዳዳው በውጪ በኩል ሆኖ ፈሳሽ ከሌለ ሲላንቱ ደርቋል። ውሃው ቀስ በቀስ ይጠፋና ላቴክሱ ይጓጉላል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ሳይክላችሁን ፀሐይ ላይ የምታቆሙ ከሆነ በየሁለት ሦስት ወሩ ፈትሹ። ለቀጭን የኮርሳ ጎማ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ ለማውንቴን 60 ገደማ ይበቃል። ከዚያ በላይ መጨመር ክብደት መሸከም ብቻ ነው፤ ቀላል ካላማዳሪ የገዛችሁበትን ምክንያት ያጠፋዋል።

አየር አልገባ ይላል

ቫልቩ ውስጥ ላቴክስ ደርቋል። ልቡን፣ ማለትም በቫልቩ መሀል ያለውን ትንሽ መክደኛ፣ ፈታችሁ አውጡት፣ የደረቀውን ላጡት፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። ልቡ የማይፈታ ቫልቭ ያለው ካላማዳሪ ላይ ሲላንት ባትጨምሩ ይሻላል። ስትጨምሩ ቫልቩ ወደ ታችኛው በኩል ይሁን። ጨምራችሁ ስትጨርሱ ጎማውን አዙራችሁ ቫልቩን ፈሳሹ ካለበት አርቁት፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ከዚያ ንፉ። በነፋችሁ ቁጥርም እንደዚሁ አድርጉ።

መለጠፊያው አይዝም

ከቀዳዳው የሚወጣው ፈሳሽ ማስቲሹን ያበላሸዋል። አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጡ፤ ቀዳዳውን ወደ ላይ አድርጉት። በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ማስቲሹን ቀብታችሁ እርጥበቱ እስኪጠፋ ታገሱ። ስስ ካላማዳሪን ግን በጣም አትፈግፍጉት፤ ራሱ ይበሳል።

ጎሚስታ ጋ ከወሰዳችሁት ውስጡ ሲላንት እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩት። አንዳንድ ሲላንቶች ዓይን የሚያቃጥል አሞኒያ አላቸው። ሳያውቅ ቫልቩን ሲከፍት ዓይኑ ውስጥ ሊረጭበት ይችላል።