ጎጃም በዓመት ስንት ይሄዳል? የፕሌት ጉዞን እንዴት እንደሚለኩት

ጎጃም ቆሞ አያውቅም። ኑቢያ በሚባለው ፕሌት (ግዙፍ የመሬት ቅርፊት ቁራጭ) ላይ ተቀምጦ በዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። ይህን በስልክ ጂፒኤስ እለካለሁ ካላችሁ ተዉት፤ እሱ ራሱ በሜትር ይሳሳታል። የረቀቀ የጂፒኤስ መቀበያ ያስፈልጋል።

1. ዐለት ፈልጉ። ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። ሜዳው በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እዚያ ላይ ምልክት ከተከላችሁ የምትለኩት የአፈሩን እብጠት ነው። ከሥሩ ያልተገነጠለ ጥቁር ድንጋይ አግኙና በመዶሻ ምቱት። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ከታፈነ እለፉት። ከዚያ በድሪል ብሱና የማይዝግ የብረት ካስማ ትከሉ።

ባለ መሬቱን ሳታስፈቅዱ ግን እንዳትጀምሩ። ደጀን አካባቢ አንድ አዛውንት ምን ልታደርጉ ነው አሉን። «መሬቱ ሲሄድ ልንለካ ነው፣ አባቴ።» «ይሂድ፤ ብቻ ወሰኔን እንዳትገፉብኝ!»

2. የመቀበያውን አንቴና በሦስት እግር ማቆሚያ ካስማው አናት ላይ አቁሙ፤ በውሃ ልክ አስተካክሉ። መሃሉን 5 ሚሊ ሜትር ከሳታችሁ፣ ስምጥ ሸለቆው በአንድ ዓመት የሚከፈተውን ያህል ሳታችሁ ማለት ነው። የአንቴናውን ከፍታ ስትጀምሩም ስትጨርሱም ለክታችሁ ጻፉ።

3. መቀበያው ሁለት ሦስት ቀን ሳይቋረጥ ይቅዳ። ጠባቂ አይጥፋ። ጥጃ የማቆሚያውን እግር ከነካ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ።

4. በየዓመቱ በዚያው ወር ተመለሱ። የክረምት ውሃ ክብደቱ መሬቱን በሚሊ ሜትሮች ስለሚጫነው፣ አንዱን በነሐሴ ሌላውን በጥር መለካት ያሳስታል።

5. ከስምጥ ሸለቆው ማዶ ጋር አወዳድሩ። የጎጃም ቁጥር ብቻውን የሸለቆውን መከፈት አይነግራችሁም። ባሌ ላይ፣ በሶማሊያ ፕሌት ከተተከለ ካስማ ጋር ሲቀናነስ ግን በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ልዩነት ይወጣል። በነገራችን ላይ የሚከፈተው የዓባይ በረሃ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም፤ እሱን የቆፈረው ወንዙ ነው።

የሳተላይት ራዳርም አለ፤ በተለያየ ጊዜ የተነሱ ሁለት ምስሎችን ያነጻጽራል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ሲከፈት፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር መስፋቱን ያሳየው እሱ ነው። አፋር ምድረ በዳ ስለሆነ ይመቸዋል። ጎጃም ላይ ግን ጤፉ ሲያድግና ሲታጨድ ምስሉ ይደበላለቅበታል፤ እዚህ ካስማው ይሻላል።