የሚግል አሮጌ ኮምፒውተርና ርካሽ ግራፊክስ ካርድ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው፣ ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚማረው፣ ማታ ማታ ጌም የሚጫወተው ሁሉ እጁ ላይ ያለው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ 3ኛ ወይም 4ኛ ትውልድ ኢንቴል፣ ራሙ 8 ጊጋ። ሥራ ሲበዛበት ይግላል፣ ፋኑ ይጮሃል፣ ከዚያ ይንቀራፈፋል። ባለቤቱም «በቃ ግራፊክስ ካርድ ልግዛለት» ይላል።

ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የስክሪኑን ምስል የሚሠራው ተጨማሪ ክፍል፣ ሊጠቅም ይችላል። ግን ካርድ ራሱ ሙቀት ነው። 75 ዋት የሚወስድ ካርድ ያንን 75 ዋት በሙሉ ሙቀት አድርጎ እዚያው ኬዝ ውስጥ ይለቀዋል። ቀድሞ የሚግለው ኮምፒውተር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀቱ ይታይ፣ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን)፣ ካርዱ መጨረሻ ላይ ይመረጥ። እኛ ጋ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ሱቆቻችን ውስጥ ያለው ምርጫ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ሰው ካርድ ከአዲስ አበባ ያስመጣል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣን ዕቃ «አልገጠመልኝም» ብሎ መመለስ ከባድ ነው።

ምልክት፦ ሲጀምር ደህና ነው፣ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ ይንቀራፈፋል

ምክንያቱ በአብዛኛው የፕሮሰሰሩ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጌሙ የሚቆራረጠው፣ ሬንደሩ (የቪዲዮው የመጨረሻ ቅጂ የሚወጣበት ሥራ) የሚጎተተው ለዚህ ነው።

ከመገመት መለካት ይሻላል። ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና የተለመደ ሥራችሁን እየሠራችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። ኮምፒውተሩ ሥራ ሳይኖረው ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። በከባድ ሥራ ላይ ከ80 ባይዘል ጥሩ ነው። 95ን ካለፈ ካርድ የመግዛቱን ሐሳብ ለጊዜው ተዉት።

«ደሴ ብርድ ነው፣ እንዴት ይግላል?» የሚሉ አሉ። ብርዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሙቀቱ እኩል በሆነ ቦታ ብናነጻጽረው፣ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ከብረቱ ላይ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል። የደሴ ብርድ የሰጠውን ከፍታው መልሶ ይወስደዋል ማለት ነው። ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ክፍሉ ግን ይሞቃል። ባቲ፣ ከሚሴና ቆቦ ያላችሁ ደግሞ ዋናው ጠላታችሁ የክፍሉ ሙቀት ነው። የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ይጨምራል ብላችሁ አስቡ።

ሌላው አቧራ ነው። የበጋ አቧራ ብቻውን ቢሆን በብሎወር ይወጣል። ቡና በሚፈላበት፣ ከሰል በሚያያዝበትና እጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ግን ሌላ ነው። ጭሱ ከአቧራው ጋር ተላቁጦ ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚቀበለው ብረት (ሂትሲንክ) ላይ ይጣበቃል። እሱን በብሩሽ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ ባዶ ብረት ንኩ። ኬዙን ውጭ አውጥታችሁ ክፈቱ። ብሎወር ስትጠቀሙ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ በንፋሱ ኃይል ከልክ በላይ ከዞረ ይበላሻል። ከዚያ ሂትሲንኩን አንሱ። ከሥሩ ያለው ሙቀት የሚያሻግር ቅባት (ቴርማል ፔስት) ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ንጹሕ ጨርቅ በአልኮል አርሳችሁ ጥረጉት። አዲሱን ከመሃል ላይ አንድ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ አድርጉ። መቀባት አያስፈልግም፤ ሂትሲንኩ ራሱ ይዳምጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፋት ነገር አለች። በክፍለ ዕቃ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ከሆነ የኢንቴል ፋን በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው የሚያዘው። ከአራቱ አንዷ «ጠቅ» ብላ ካልገባች ሂትሲንኩ በአንድ ጎን ይነሳል። ያኔ ምንም ዓይነት ፔስት ቢደረግ ሙቀቱ አይወርድም። አራቱንም በሰያፍ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ተጫኗቸው። ከማዘርቦርዱ ጀርባም መውጣታቸውን እዩ።

ከጽዳቱ በኋላም ከሞቀ አንድ ብር የማያስወጣ ዘዴ አለ። ዊንዶውስ ውስጥ የኃይል አጠቃቀም ቅንብሩን ክፈቱና የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ገደብ ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርዱት። በብዙ የኢንቴል ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን ዘዴ፣ ያጠፋዋል። ትንሽ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን በደንብ ይወርዳል።

ምልክት፦ ድንገት ድርግም ብሎ ይጠፋል

ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፣ የሚለዩትም በሰዓታቸው ነው። ከሞቀ በኋላ ቆይቶ የሚጠፋ፣ ወዲያው ሲያበሩት እንደገና የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ ግን ደህና የሚሆን ከሆነ ነገሩ ሙቀት ነው። ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሱ። ጌሙ ወይም ሬንደሩ በጀመረበት ቅጽበት ቀጥ የሚል ከሆነ ግን ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። የዊንዶውስ መዝገብ ላይ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ማስታወሻ ታገኙ ይሆናል። እሱ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም።

ሦስተኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ መብራቱ። የክፍሉ አምፖል አብሮ ደብዘዝ ካለ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። የሚዋዥቅ መብራት የፓወር ሰፕላይን ዕድሜ ይበላል። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ሳይኖር አዲስ ካርድ መግጠም አልመክርም።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። ጎኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ 12 ቮልት የሚለውን መስመር ፈልጉ። ከሥሩ ያለውን አምፒር በ12 አባዙት። 16 አምፒር ካለ 192 ዋት ማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚኖሩት በዚህ ላይ ነው። «500 ዋት» የሚል ርካሽ ፓወር ሰፕላይ በዚህ ስሌት ከግማሽ በታች ሲሆን ይታያል። በተቃራኒው የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ጠባቡ ሞዴል 240 ዋት ብቻ ተጽፎበት የጻፈውን በሐቅ ይሰጣል። ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር 77 ዋት ነው። ማዘርቦርዱንና ዲስኩን 40 በሉት። 75 ዋት ካርድ ሲጨመር 192 ይሆናል። ይበቃል፣ ግን ከዚያ በላይ ቦታ የለም።

ምልክት፦ አይግልም፣ አይጠፋም፣ ዝም ብሎ ቀርፋፋ ነው

ሥራውን አስጀምሩና ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተጣበቀ የሚያስፈልጋችሁ ፈጣኑ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ነው። ራሙ ከሞላ ራም ነው። ፕሮሰሰሩ 100 ሆኖ ግራፊክሱ ሥራ ፈት ከሆነ ካርድ አያድናችሁም። በአውቶካድ ጠፍጣፋ ፕላን ብቻ የምትሥሉ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ እሱ ሥራ በአብዛኛው የፕሮሰሰር ሥራ ነው፣ ብራችሁን አትርፉ። ግራፊክሱ 100 ላይ ሆኖ ሌላው ከተዝናና ግን አዎ፣ የካርድ ጊዜ ደርሷል።

ካርዱን የሚመርጡት ፓወር ሰፕላዩና ኬዙ ናቸው

ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ቀዳዳ በራሱ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። የቢሮ ኮምፒውተር ከፓወር ሰፕላዩ ለካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒን ገመድ አብዛኛውን ጊዜ አይወጣለትም። ስለዚህ ገደባችሁ 75 ዋት ነው። አንዳንድ ጠባብ ሞዴሎች ላይ ደግሞ አምራቹ ከዚያ ያነሰ ገደብ ያስቀምጣል፤ የሞዴሉን መመሪያ ማየት ግድ ነው። ከሳታ (ለዲስክ ኃይል ከሚሰጠው) ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር ማገናኛ ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። የሳታ ጫፍ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጎተት ይቀልጣል።

ኬዙ ጠባብ ከሆነ ካርዱ ሎው ፕሮፋይል፣ ማለትም አጭር ቁመት ያለው መሆን አለበት። ካርዱን ከኬዙ ጋር የሚያስረው አጭሩ ብረት አብሮት መኖሩንም ጠይቁ። ይህች ብረት ከጠፋች ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኬዙ አይዘጋም።

ሞኒተራችሁን እዩት። አሁንም ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ቪጂኤ (የድሮው የሞኒተር መሰኪያ) ብቻ ያለው ነው። ከኤንቪዲያ 10ኛው ተከታታይ ወዲህ ያሉ ካርዶች የቪጂኤ ምልክት አያወጡም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ በሂሳባችሁ አስገቡ።

አሁን ወደ ካርዶቹ። ጂቲኤክስ 1650 ለእንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። በ2019 የወጣ፣ 75 ዋት፣ 4 ጊጋ ነው። የ6 ፒን ገመድ የማይጠይቀውን ፈልጉ፤ የሚጠይቅም ስላለ የካርዱን ጫፍ ፎቶ አስልካችሁ አረጋግጡ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የ2016 ካርድ ሆኖ አሁንም ይሠራል፣ ዋጋውም ይቀላል። ኤንቪዲያ ግን ለእሱ ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማውጣቱን በ2025 አቁሟል። ከዚያ በኋላ የሚያገኘው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። 1650 ያለበት ትውልድ ግን ድራይቨር ማግኘቱን ቀጥሏል።

ጂቲ 1030 30 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ለጠባብና ለሚሞቅ ኬዝ ይመቻል። በሜሞሪው ሁለት ዓይነት ነው። ጂዲዲአር5 የተባለውን ውሰዱ፣ ዲዲአር4 የተባለውን ተዉ፤ ስማቸው አንድ ሆኖ ፍጥነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ግን እሱንም፣ የኤኤምዲውን አርኤክስ 6400ንም እለፏቸው። ሁለቱም ቪዲዮ ሬንደር ሲደረግ የሚያግዘው የኢንኮዲንግ ክፍል የላቸውም። ሰርግ ሠርቶ ለማስረከብ ሌሊት ለሚያድር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። 6400 በዚያ ላይ በ4 መስመር ብቻ ስለሚገናኝ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ አቅሙን አያወጣም። ጂቲ 710ን በነፃ ካልሰጧችሁ አትንኩት። ከ4ኛ ትውልድ ኢንቴል ጋር አብሮ ከሚመጣው ግራፊክስ ብዙም አይሻልም።

አርኤክስ 580 «ኃይለኛ ነው፣ ረክሷል» ተብሎ ይቀርብላችኋል። ኃይለኛ ነው፣ ግን 185 ዋት ይጠጣል። ለእናንተ ኮምፒውተር አይሆንም። ብዙዎቹም ክሪፕቶ ማይኒንግ ላይ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ናቸው።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ተገጥሞ ጂፒዩ-ዜድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይከፈት። አሮጌ ቺፕ «1050 ቲአይ» ተብሎ ስሙ ተቀይሮ ይሸጣል። ፕሮግራሙ ብዙዎቹን ያውቃቸዋል፣ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ ከባድ ጌም ወይም ፈርማርክ የሚባለው የካርድ መፈተሻ ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ይሂድ። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ፣ መስመር ወይም የተሰባበረ ምስል ከታየ ካርዱ እየሞተ ነው፤ አትግዙ። «በሂት ጋን ሞቅ አድርገን እናስተካክለዋለን» የሚል ጥገና ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ይመለሳል። ገዢው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ከሆነ ይህንን ሁሉ በቪዲዮ ቀርጾ ይላክላችሁ።

ምልክት፦ ካርዱ ተገጠመ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

መጀመሪያ የሞኒተሩ ገመድ የት እንደተሰካ እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ከቀረ ወደ ካርዱ አዙሩት። ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄው ነው። ቀጥሎ ካርዱን ነቅላችሁ ቀዳዳው «ጠቅ» እስኪል መልሳችሁ ግጠሙት። አሁንም ካልሆነ ካርዱን አውጥታችሁ በድሮው ግራፊክስ አስነሱትና ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም) አምራቹ ባወጣው የመጨረሻ ቅጂ አድሱ። ባዮስ ስታድሱ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል፤ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ።

ምስል ከመጣ ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ፣ ከዚያ ሙቀቱን እንደገና ለኩ። ካርዱ በከባድ ሥራ ላይ ከ80ዎቹ መጀመሪያ ካላለፈ ደህና ነው። ካለፈ ኬዙን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፣ ከፊት አየር የሚያስገባ ፋን ጨምሩ፣ ጌሙ ውስጥ ፍሬሙን በ60 ገድቡት። ኮምፒውተሩን በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ካርዱን ነቅላችሁ ለብቻው ጠቅልሉት። በመንገዱ ንቅናቄ የካርዱ ክብደት ቀዳዳውን ሊሰብረው ይችላል።