ቴንጉን ዝም ብላችሁ ሰይጣን አትበሉት፦ ስለ ጃፓኑ የተራራ መንፈስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስልካችሁ ላይ ቀይ ፊትና ረጅም አፍንጫ ያለው ኢሞጂ አለ አይደል፣ እሱ ቴንጉ ነው። ቀንዳሙ ደግሞ ኦኒ ይባላል፣ ሌላ ፍጡር ነው። ሁለቱን ማምታታት የመጀመሪያው ስህተት ነው፣ ቀላሉም እሱ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ "ሰይጣን" ብሎ መገላገሉ ነው። በድሮ ተረት ቴንጉ መነኩሴ ያሳስታል፣ ሰው ጠልፎ ይወስዳል፣ እሺ። ግን የኩራማ ተራራው የቴንጉ አለቃ ሶጆቦ ኋላ ስመ ጥር ሳሙራይ ለሆነው ለብላቴናው ዮሺትሱኔ ሰይፍ አስተማረው ተብሎም ይተረካል፣ ቶኪዮ አካባቢ ታካኦ ተራራ ያለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ደግሞ የአምላኩ አገልጋይ ነው ብሎ ሐውልት አቁሞለታል። ሰይጣን ካላችሁት ይሄ እንዴት ይገባችኋል? ቴንጉ በሉት በቃ።

አፍንጫውም ከጥንት የነበረ አይደለም። ስሙ ከቻይና የመጣ ነው፣ "የሰማይ ውሻ" ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ720 ያለቀው የጃፓን ዜና መዋዕል በ637 እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ ያለፈ ተወርዋሪ ኮከብን ነው በዚህ ስም የጠራው። ከዛ በኋላ ለረጅም ዘመን የሚሳለው እንደ ጭልፊት ምንቃርና ክንፍ ተደርጎ ነበር፣ ረጅሙ አፍንጫ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ልብሱን አለማየት ነው። እስቲ አንድ ሥዕል ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ግንባሩ ላይ ትንሽዬ ጥቁር ቆብ አለች፣ ደረቱ ላይ ክብ የክር ኳሶች ተንጠልጥለዋል። ይሄ የያማቡሺዎች ልብስ ነው፣ "ተራራ ላይ የሚያድሩ" እንደማለት፣ ሹገንዶ የሚባለውን የቡድሂዝም፣ የሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) እና የተራራ አምልኮ ድብልቅ የሚከተሉ ባህታውያን ናቸው። ይፆማሉ፣ ፏፏቴ ስር ቆመው ይጸልያሉ፣ የትልቅ የባህር ቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደ መለከት ይነፋሉ፣ ኦሚኔ ተራራ ላይ ደግሞ አዲሱን ሰው በገመድ ይዘው ገደል አፋፍ ላይ በደረቱ አስተኝተው ወደታች እያሳዩ ጥፋቱን ያናዝዙታል። ቆላ ያለው ገበሬ እነዚህን ሰዎች ኃይል አላቸው ብሎ ይፈራም ያከብርም ነበር፣ ለተራራው መንፈስም ልብሳቸው ተሰጠው። ትዕቢተኛ መነኩሴ ሲሞት ቴንጉ ይሆናል የሚል እምነትም ነበር፣ ዛሬም በጃፓንኛ "ቴንጉ ሆነ" ማለት ተኮፈሰ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ድሮ ቀረ የምትሉም ተሳስታችኋል። የጃፓን መንግስት ሹገንዶን እ.ኤ.አ. በ1872 አግዶት ነበር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ተመልሷል። ታካኦ ላይ በየዓመቱ ማርች ወር ያማቡሺዎቹ እሳት አንድደው በባዶ እግራቸው ይሻገሩታል፣ ከዛ ሊያይ የመጣው ሰው ጫማውን አውልቆ ተራውን ጠብቆ ይከተላቸዋል።